ቅኝት

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሳስካቱን ከተማ፣
ወንዙ ግግር ለብሶ ድምፁ የማይሰማ፤
አርባ ተማሪዎች፣ ሰማንያ ጫማ፣
ወለሉን አርሶታል የቀለጠው አመዳይ።
«ደብተር ብቻ ክፈቱ» አለች ፕሮፌሰር ዲቫኒ፣ «ዛሬ ሰው ነው የምናይ።»

ኦረስት ህሪንቹክ ገባ፤ ፒያኖ ሲቃኝ የኖረ ሰው፣
ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የስንዴ ገበሬውን ሳሎን ያዳረሰው።
አሁን ከደረቱ፣ ከቆዳው በታች ባትሪ ተቀብራ፣
ቀጭን ሽቦ ሰዳ፣ በአንገቱ ሽቅብ፣
አንጎሉ ውስጥ ገብታ፣ ከባቄላ ከማትበልጥ ስፍራ፣
በሰከንድ መቶ ሠላሳ ጊዜ ትነካዋለች።
ሌላውን ሲቃኝ ኖሮ፣ ዛሬ እሷ ትቃኘዋለች።

«እስኪ የቀንድ አውጣ ቤት ይሣሉልን።»
ሣለ። ከመሐል ተነሥቶ እየሰፋ የሚዞር፣
ለስላሳ፣ እንቅፋት የማያውቅ መሥመር።
ከዚያ መሣሪያውን አጠፋችው።
ጠበቅን።
መጀመሪያ አውራ ጣቱ። ቀጥሎ አንጓው። ቀጥሎ ክንዱ።
መሥመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰባበረ፣
ፊቱ እንደ ሱቅ በር ተዘጋ።
መልሳ አበራችው፤ እጁ ፀጥ አለ፣
እንደ ተቆጡት ልጅ።
አጨበጨብን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣
ለአንዲት ባትሪ አጨበጨብን እኮ።

አንዱ ስለ ባትሪው ዕድሜ ጠየቀ፣ አንዷ ስለ ቀዶ ጥገናው።
እኔ፣ «ፒያኖውስ?» አልኩ፣ «ዛሬም ይቃኛሉ?»
ሚስቱን አየ። ሌስያ መለሰች፦
«ድሮ አንዲት ክር ከዜማዋ ዝንፍ ካለች
ሌሊት ይነሣ ነበር፣ እንቅልፍ አይወስደውም።
አሁን እጁ ደኅና ነው። መፍቻውን ይዞ ይቆማል፤
ክሯ ስታም ቢሆን ግድ የለም ይለኛል።
ልጃችን ስትደውልም፣ ግድ የለም ይለኛል።»

ፕሮፌሰሯ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ግድየለሽነት። የጎንዮሽ ጉዳት።»
አርባ ብዕር ተከተላት።
ሠላሳ ዘጠኝ ልበል፤ የእኔ ቆሞ ቀረ።
በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል መድኃኒት ነበረ፤
ለወደቀ ልጅ፣ ለከሰረ ነጋዴ፣ ፈተና ላለፈው፣
ትከሻውን ነክተን «ግድ የለም» የምንለው፤
ሕመም ሆኖ ሳየው፣ በምን ልተርጉመው?

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ፣
ማንም የማይነካት አሮጌ ፒያኖ ነበረች።
ክዳኗን አነሣ። በአንድ ጣት አንዲት ነጭ ጥርስ ተጫነ፤
ጣቱ አልተንቀጠቀጠም።
ድምፁ እስኪሞት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።
«ዝቅ ብላለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
ከዚያ ጓንቱን አጠለቀ።

ከትናንት በስቲያ ተፈተንን። ጥያቄ አሥራ ሰባት፦
«ሕክምናው ውጤታማ ነበር? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።»
ስለ እጁ ጻፍኩ፣ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠውን።
ፒያኖዋ ዘንድ ስለቆመባት ጊዜ ልጨምር ስል
ወረቀቱ አለቀ።
ግድ የለም አልኩና አስረከብኩ።