ሹክታ

አቃቂ፣ ከክሩ ፋብሪካ ጀርባ
ያ አዳራሽ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው።
ያኔ መጋረጃ ነበረው፤
ከተበላሸ አቡጀዲ የተሰፋ፣ አንድ ጎኑ ያጠረ።

አባቴ ደበላ፣ ከሽመናው ክፍል ሁሉ ቀጭኑ፣
ኮቱ ውስጥ ትራስ ወትፎ
ከበርቴ ሆኖ ወጣ።
እናቴ ዘርፈሽዋል የላብ አደር ሚስት፤
ልምምድ አላስፈለጋትም።
እኔም ነበርኩበት፣
የሰባት ወር ሆዷ ውስጥ፣ ያለ ደመወዝ።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ቃል ጠፋው።
ትራሱ ተንሸራተተ፤ ሰው ሳቀ።
እናቴ ከመጋረጃው ሥር
«የማን...» ብላ ሹክ አለችው።
«የማን ፋብሪካ መሰላችሁ!» ነበር ቃሉ፤
እሱ ግን «የማን ላብ ነው!» ብሎ ጮኸ።
ከበርቴው ራሱን ከሰሰ፤
አዳራሹ ብድግ አለ።

ስሜን ትግሉ ያሉኝ ያን ሰሞን ነው።
ላስቀይረው ቀበሌ ሁለቴ ተሰልፌ
ሁለቴ ተመልሻለሁ።

ከዚያማ ጓድ ጓዱን ጠቆመ፤
የማኅበሩ ማኅተም ሌላ ኪስ ገባ፤
ማሽኖቹ በኪሎ ተሸጡ።

ዛሬም ማታ ማታ
ከቂሊንጦ የስፌት ልጆች ይመጣሉ፣
የደመወዝ ወረቀታቸውን አጣጥፈው።
መነጽሯን ታጠልቃለች፦
«ይቺ ትርፍ ሰዓት የት ገባች?»
«በቃሽ፣ እማዬ፤ ተሸንፈናል።»
«መቼ?» ትለኛለች፣
ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

አባቴ ግማሽ ጎኑ አይታዘዘውም።
ትናንት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ «የ... የ...»
ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች፦
«የማን...»
ጠበቀችው።

እኔ በሩ ላይ፣ አንድ እግሬን ተጫምቼ፣
ቀሪውን አውቀዋለሁ።
ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።