ባናውን ማን ሳበው

መሀል ሜዳ፣ ኅዳር፤ ውርጩ ሌሊት አድሮ
ከቧንቧው አፍ ወጥቷል፣ እንደ ጥርስ ተገትሮ።
መምህር ልሳነወርቅ ጠመኔውን ትቶ
አንድ ፍሬ ገብስ ያዘ፣ ከኪሱ አውጥቶ።

«ተከተሉኝ» አለን፣ ገበያው ወዳለበት።
የገበያ ቀን አልነበረም፤ ነፋስ ነው የዋለበት።
ገብሷን ከመሐሉ መሬት ላይ አኖራት፤
«ይቺ ኒውክለስ ናት፤ ክብደቱ ሁሉ ያለባት።
አሁን ሂዱ» አለን፣ «ኤሌክትሮን ፈልጉ።»
ጨው ተራ ቀረ ከኋላ፣ በግ ተራም፣ የካብ ጥጉ።
ከመጨረሻው ቤት ቆመን ዞር ብለን ስናይ
ገብስ የለም፤ መምህር ብቻ፣ ቀሪው ሜዳና ሰማይ።
«እናንተ ጋ ናት!» ብሎ ጮኸ፣ «ግን ጣት አትቀስሩባት፤
እንደ ጣርማበር ጉም ናት፤
አለች ይባላል እንጂ አይታወቅም ያለችበት።»

ድንጋዩም፣ ካቡም፣ ክንዴም ባዶ ናቸው ለካ፤
የመንዝ ብርድ በዚያ በዚያ እየገባ ነው አጥንት የሚነካ።

በማግስቱ ስለ ጨው ነገረን፦
«ሶድየም አሥራ አንድ አለው፤ ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ።
ያቺ የውጪዋ ናት የምትወጣ ለመንገድ።
ክሎሪን ደጁ ሰባት ይዞ፣ ለስምንት አንድ ሲቀረው
ያችን አንዷን ሰጠውና፣ መሳሳብ ነው ያሰራቸው።»
ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፦
የሰጠው ፕላስ ሆነ፣ የወሰደው ማይነስ።
አባቴ በግ ሲያበድር ኖሯል፣ ፕላስ ሆኖ አያውቅም።

እኔና እማዋይሽ፣ ከጓሳ ጥግ የመጣን፣
አንድ ክፍል፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ ባና ነው ያለን።
የእኔ ግማሽ፣ የእሷ ግማሽ አይባል፤ አይቆረጥ፣ አይከፈል፤
ሙሉው የእኔ፣ ሙሉው የእሷ፣ ከሥሩ ስንጠቃለል።
መምህር ኮቫለንት ሲል ቀና ብላ አየችኝ፤
«ባናው!» ብላ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።
ሃይድሮጅንና ሃይድሮጅን፣ አንድ አንድ ያላቸው ድሆች፣
ሁለት ሁለት ያላቸው መሰሉ፣ በጋራ የለበሱ ልጆች።

ግን ኦክስጅን አለ ደግሞ! ተካፍሎ የሚስብ ወደ ራሱ፤
እማዋይሽ ናት እሱ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እግሬ ሲቀር፣ ባናው ወደ ግድግዳ ሲሄድ
«ፖላር!» እላታለሁ፤
በእንቅልፏ ትስቃለች፣ አትለቅም ግን አንድ ክንድ።

በየካቲት ወንድሟ በቅሎ ስቦ መጣ፤
እናቷ ታማለች፣ ትምህርቱ ይደርሳል፣ ዛሬውኑ ትውጣ።
ባናውን ተወችልኝ።
ሙሉውን። ከነዘርፉ።
ሁለት እጥፍ ደረብሁት፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ።

ፈተናው ላይ እንዲህ ይላል፦ ትስስር ሲፈርስ ጉልበት
ሀ. ይወጣል፤ ለ. ይገባል።
ክፍሉ በሙሉ «ሀ» አለ፣ መፍረስ እሳት መስሎት።
እኔ ሳላስብ «ለ» አልሁ፦
መጋጠም ነው ሙቀት የሚሰጥ፤ መለያየት ይበላል።

መምህር ልሳነወርቅ ወረቀቴን መልሶ
«ከየት አነበብሽው?» አለኝ፣ መነጽሩን በጋቢው አብሶ።
ዝም አልሁ። ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጓሳ እወጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት በእግር ነው።
ምዕራፉን ገልብጬላታለሁ፣ ሥዕሉ ብቻ ነው የቀረው፤
አብረን እንሥላለን።
እስክሪብቶ ያለኝ አንድ ነው፤
እንግዲህ እሱን ትሳበው።