ደረጃውን የጠበቀ

ትሪየስቴ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከመድን ድርጅታችን በር፣
ዘጠኝ የእብነ በረድ እርከን፣ ሲወለወል የሚያድር፤
ከበላዩ በነሐስ ፊደል፣ ያማረ፣ የደመቀ፦
«አገልግሎታችን ደረጃውን የጠበቀ»።

ኒቬስ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሽቅብ አይታ ሳቀች፤
«እውነት ነው፣ ጠብቆታል» አለች፤
«ይኸው ዘጠኙም አሉ፣ አንድ እንኳን አልጎደለም፤
ደረጃ እንዲህ የጠበቀ ዘብ በዓለም ላይ የለም።»

እሷ የምትገባው በጓሮ ነው፣ በዕቃ መጫኛው ሊፍት፣
ከታሰረ ካርቶን ጋራ፣ ኤጂዲዮ ቁልፍ አግኝቶ ሲከፍት።
ካላገኘ ትጠብቃለች። ዝናብ ከሆነም ዝናብ ነው።
የሰዓት መዝገቡ «አረፈደች» እንጂ «ቁልፍ ጠፋ» የሚል ዐምድ የለው።

ቁልፍ ካልኩ አይቀር፣ ሊቪዮ አለ፣ ዓይነ ስውሩ የካሳ ሠራተኛ፣
ፋይል በጆሮው ሲያነብ፣ በዓይናችን የማንደርስበት እኛ።
አዲሱ ሲስተም የገባ ዕለት፣ የሚያነብለት ድምፅ ግራ ገብቶት፣
በየምልክቱ ላይ ስም የጻፈ ሰው ጠፍቶት፣
«ቁልፍ» አለው። «ቁልፍ»። «ቁልፍ»። «ቁልፍ»።
እሷ ቁልፍ ጠፍቶ ደጅ ቆማ፣
እሱ በቁልፍ ታጥሮ፣ ቀኑ እስኪያልፍ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ኒቬስ በየወሩ እጇን ታወጣለች፤
ተራ ቁጥር ሰባት፣ «ልዩ ልዩ» ሥር፣ ሰው ኮቱን ሲያነሣ ትናገራለች።
ሥራ አስኪያጁ ኮሎኒ ሰዓቱን ያያል፦ «ለሁለት ሰው ይህን ያህል ወጪ?»
እኔም እጽፋለሁ፦ «ሐሳቡ ተመስግኖ ታልፏል»።
ለስላሳ ብዕር፣ ሰው አስወጪ።
ስድስት ዓመት እንዲህ ጻፍኩ። አንድም ቀን ስሟን አላሰፈርኩም፤
«አንዲት ሠራተኛ» ነበር የምላት። አላፍርም አልልም።

በየካቲት ቦራ ተነሣ፤ ያ ከተራራው የሚወርድ ነፋስ፣
ሞተር ብስክሌት የሚጥል፣ ባርኔጣ የሚነጥቅ ከራስ።
ማዘጋጃ ቤቱ፣ እንደ ጥንቱ፣ ከጥግ ጥግ ገመድ ወጠረ፤
ጎረምሳው፣ ዳኛው፣ መነኩሲቷ፣ ሁሉም እየተንገዳገደ ተሻገረ።
ኮሎኒም ያዘ፣ በሁለት እጁ፣ ባርኔጣው ባሕር ወርዶ፤
ከፊቱ ሊቪዮ ነበር፣ የዳሰሳን መንገድ ከልጅነቱ ለምዶ።

ኒቬስ ያን ቀን ቤት ቀረች፤ ለወንበር የሚሆን ገመድ የለም።
በማግስቱ ስብሰባ፣ ክርክሯን ሁሉ ትታ፣
አንድ ብቻ ጠየቀች፤ አልደገመችም፦
«ትናንት ገመዱ ሲወጠር፣
ስንት ሰው ይይዘው እንደሆን
መጀመሪያ የቆጠረ ማን ነበር?»

ማንም አልተነፈሰ። ማሞቂያው ብቻ ተንጫጫ።
እኔ አዲስ ገጽ ገለጥኩ፤ ተራ ቁጥር አንድ፤
ስሟን ሙሉውን፣ ኒቬስ ስካባር፤
ጥያቄዋንም እንዳለችው፣ ቃል በቃል፤
ከሥሩም ሰፊ ባዶ ቦታ፣ ለመልስ እንጂ አይደለም ለማምለጫ።

መወጣጫው በሰኔ ተሠራ፣ በፊት ለፊት፣ ለሰው ሁሉ፤
ሻንጣ የሚጎትቱ፣ እርጉዟ፣ ፖስተኛው፣ በእሱ ይውላሉ።
ኮሎኒም ጉልበቱን ታሞ በዚያው ነው የሚወጣ፤ አይናገርም።
ኒቬስም አትጠይቀውም።
ኤጂዲዮ ቁልፉን አገኘው፣ ከአሮጌ ካፖርቱ ኪስ፤
አሁን ለማንም አይጠቅምም።

ሊቪዮ ግን ዛሬም፣ የጡረታው ገጽ ላይ ሲደርስ፣
«ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ይሰማል፤
«ነገ» ይሉታል፣ ነገም ቀጠሮ ሲታደስ።
ሰኞ ስብሰባ ነው። ኒቬስ እጇን ታወጣለች።
እኔም ብዕሬን ቀለም ሞልቼ ተቀምጫለሁ።