መርፌሽን ቁጠሪ

ሩዛን፣ ነይ ውረጂ፣ ጫማሽን ቀይሪ፤
ዛሬ ነፋስ የለም፤ መርፌሽን ቁጠሪ።
ስንት ነው? ሰባት ነው? እንደገና አንድ በይ፤
ምክንያቱ ይቆየን፣ አሁን ስፌቱን እይ።

ክሩን በምላጭ በጥሺ፣ ጨርቁን ሳትቦጫጭቂ፤
አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ አቧራውን አትናቂ፤
ከሴቫን ሐይቅ ዳር በጎች፣ ከሙሽርነቴ ዓመት፣
አርባ ሁለት በረዶ ነው ያሳለፍንበት።

ልጄ ቫሃን ይላል፦ «እማ፣ ዘመን ሄደ፤
የስፖንጅ ፍራሽ ዋጋ ዘንድሮ ወረደ።
ይህን አሮጌ ጣይው፣ አዲስ ልግዛልሽ፤
ሰባ ዓመት አልፎሽ ሱፍ ማጠብ ምን ሊሆንሽ?»
ይግዛ፤ ይተኛበት፤ ገንዘቡ የራሱ፤
ወገቤን ከኔ በላይ አያውቀውም እሱ።
ስፖንጅ ቂመኛ ነው፤ ላብሽን ይጠጣል፣
ሆዱ አይከፈትም፣ ሽታውን ይዞ ያረጃል።
ሱፍ ግን ሆደ ሰፊ፤ ቢዘረገፍ ይታጠባል፣
ሲመቱት ይነፋል፣ ሲመቱት ይነጣል፣
ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት እንደ ጠቦት ይቀብጣል።

ውሃው ለብ ይበል እንጂ እንዳይፈላ አደራ፤
ሱፍ አንዴ ከተቋጠረ አይፈታውም ካራ።
አትሺው፣ አትጠምዝዢው፣ እንደ ሕፃን ራስ እጠቢው፤
ሦስት ውሃ ለውጪለት፣ አራተኛው ጠርቶ እስክታዪው።
ጨርቁን በጨው፣ በኮምጣጤ ፈትጊው እንደኔ፤
ያንን ቡናማ ካርታ ግን ተይው ለኔ።
የባልሽ ነው፣ ባልሽ፤ አራት ዓመቱ ነበር፣
መብረቅ ጮኾ መሃላችን ዘሎ ገብቶ ሲያድር።
አንገሪው እንዳልኩሽ።

ደረቀ? እስኪ ዳሺው። እርጥበት ከቀረበት
ሻጋታ ወረሰው ማለት ነው፣ ብልም ገባበት።
አሁን ሽመሉን ያዢ፣ ጫፉ የጎበጠውን፤
ከእጅ አንጓሽ ይሁን እንጂ ከትከሻሽ አይሁን፤
ቸብ! ከፍ አድርጊና ቸብ! ጫፉ ሱፉን ይዞ ሲነሳ፣
ያኔ ነው እንቅልፍ የሚለቀው ያንን ጠፍጣፋ ሬሳ።
ሲራኑሽ ከሦስተኛ ፎቅ፦ «አቧራሽ ልብሴን ጨረሰ!»
ትጩህ። ባለፈው ሐምሌ አንሶላዬ የሷን ሱፍ አልነበር የለበሰ?

ከዚህ በኋላ በየወሩ ገልብጪው፣ ራስጌውን ወደ ግርጌ፤
ጠዋት ቶሎ አታልብሺው፣ ይተንፍስ፤ ይህ ነው የኔ ወጌ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ።
አማትሽ ማኑክ፣ አፈር ይቅለለውና፣
«አንዳች ይወጋኛል» ይለኝ ነበር፣ ሌሊት ተነሥቶ ቁጭ ይልና።
«ኅሊናህ ነው የሚወጋህ» ብዬ ዞሬ እተኛለሁ፤
እሱም ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ እኔ መሃሉን እይዛለሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ሰነፍሁ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ለከርሞ ሳመነታ፤
በመጋቢት እሱን ቀበርን፤ ነሐሴ ላይ ሱፉ ሲፈታ
መርፌዋ በግራ በኩል፣ ከሱ ጎድን ትይዩ፣
ዝጋ፣ ነጭ ክሬ በዓይኗ እንዳለ፣ ዓይኖቼ አዩ።

ይቅርታ የምለው ሰው የለም። ፍራሽን ይቅርታ አይሉት።
ስለዚህ እቆጥራለሁ።
ሰባት ገቡ፣ ሰባት ይውጡ።

እንግዲህ ሙዪው፣ ጥጎቹን ጠቅጥቂ፤
ስፌትሽ ይጠጋጋ፣ ክሩን አታስጨንቂ።
ጨረስሽ? ቁጠሪ።
ስድስት?
እንደገና ቁጠሪ።
ስድስት?
ክፈቺው! በጥሺው! ሌሊቱን ቢፈጅም እንፈታዋለን፤
እያንዳንዷን ጠጉር በጣታችን እንዳስሳለን፤
ዳግመኛ ማንም ሰው በኔ ስፌት...
ቆይ፣ ምን ያስቅሻል?
የቱ ጋ?
እሺ። ሻሼ ላይ ናት። እኔው ነኝ የሰካኋት።

ሰባት።

ቫሃንን ጥሪው፣ ይሸከም ወደ ፎቅ፤
ለኔም በርጩማ አምጪልኝ፤ ዛሬ አልጋ መውጣት ነው ጭንቅ።