እርሳስ

ከኮምቦልቻ ሽቅብ መኪናው ሲያቃስት
ጉም ተጋድሞ ቆየኝ በሐረጎ አቀበት።
ደሴ ስደርስ፣ ጦሳ ግማሹ የለም፤
ግማሽ ነገር ግን ለኔ ብርቅ አይደለም።
እኔ የምከተለው፣ ከከተማ ከተማ፣
በስድስት ሰዓቱ ግማሹ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም የማይሰማ፣
ቀሪው እንደገና በስድስት ሰዓቱ
ግማሹን አስረክቦ የሚሄድ ወደ ቤቱ።

ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ መጠርጠር፣
የሞላን ገልጦ ጎደሎ መቁጠር።
የእጅ መታጠቢያው ውኃ አለው ወይ? አለው።
የጨረር ምልክቱ በሩ ላይ? ይኸው።
ቆሻሻው ሳይበርድ ይወጣል? "አይወጣም፤
አሥር ግማሽ ዕድሜ ሳይቆጥር አይለቀቅም።"

ክፍሉ ከምድር ቤት ነው፣ ከራጅ ክፍል ጀርባ፤
የምታስጎበኘኝ ጦይባ፣
ጦይባ አራጌ፤ ደረቷ ላይ የጨረር መቁጠሪያ፣
ኪሷ ውስጥ ሰባት ቁልፍ ከነማሰሪያ።

ግድግዳው እርሳስ ነው፤ በሩም እርሳስ ለብሷል፤
መድኃኒቱ የሚያድርበት ብልቃጥ እርሳስ ተከናንቧል፤
እኔም ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰክቻለሁ፣
ስሕተት ሳገኝ አሰምርበታለሁ።

መዝገቡን ገለጥኩት። በየጧቱ፣
ሕሙም ሳይገባ፣ መለኪያው ራሱ ይለካል፤ ይኸው ነው ሥርዓቱ።
መቶ። መቶ ነጥብ ሁለት። ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።
መቶ። መቶ።
ቀጥ ያለ መዝገብ ያስፈራኛል። ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይኖርም፤
ወይ ያመዋል፣ ወይ ልጁን ያመዋል፣ ወይ መብራት የለም።

ጳጉሜን ሁለት ላይ ጣቴ ቆመ።
ባዶ መስመር። ከጎኑ በሰማያዊ ቀለም፦
"መብራቱ ሲወዛወዝ ዋለ። ንባቡ አልረጋም።
ሰባት ሰው መለስኩ። ማንንም አልወጋሁም።"

"በዋዜማው መቶ ነበር፤ በማግሥቱም መቶ፤
መሐሉን መቶ ብትዪው ማን ያውቅብሻል ከቶ?"
አልኳት። ሙያዬ ነው፤ ወጥመድ እዘረጋለሁ፤
አንዳንዴ ግን ራሴ ቀድሜ እገባለሁ።

ለመልስ አልቸኮለችም። ቁልፎቿን በጣቷ ስትቆጥር ቆየች።
"ከሰባቱ አንዷ" አለች፣
"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ከተንታ የመጡ።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? የሳቸው የመኪና ኪራይ ነበር፣
በብድር ላይ ብድር።
ይመለሱ ስላቸው፣ 'ሰው ነሽ' አሉኝ፣ 'ወይስ በር?'
ይርገሙኝ። ያልለካሁትን ለክቻለሁ ብዬ
የሰው ደም ሥር አልነካም፣ በገዛ መርፌዬ።
መስከረም ላይ መጡ።
ሳያነጋግሩኝ ክንዳቸውን ሰጡ።"

ዝም አልኩ።
እኔም በወጣትነቴ፣ የከተማው ስም ይቅር፣
አንዲት ባዶ መስመር ነበረችኝ። መቶ ብዬ ሞላኋት፣
በእርሳስ፣ ደብዝዛ እንድትቀር።
በዚያ ቀን ማን እንደተወጋ አላውቅም። ታመመ ያለኝ የለም፤
ዳነ ያለኝም የለም።
"እርሳ እንጂ፣ እርሳስ!" ይለኛል ልቤ ሌሊት ሌሊት፤
እርሳስ ግን የያዘውን አያሳልፍም፣ ካልቀለጠ በእሳት።

ግኝት አንድ ብዬ ጻፍኩ፦ ተተኪ ባለሙያ የለም፤ ቁልፉ ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ነው።
ግኝት ሁለት፦ የመብራት ማረጋጊያው ካረጀ ዓመቱ ነው።
ከታች "መልካም ተሞክሮ" የምትል ረድፍ አለች፣ ሁልጊዜ የምዘላት፤
ጳጉሜን ሁለት ብዬ ጻፍኩባት።

"ይፈርሙ" አለችኝ። እጄን ወደ ጆሮዬ ስሰድ
"በእስክሪብቶ ነው" አለች፤ የራሷን አቀበለችኝ።

ከመውጫው አጠገብ የእጅ መፈተሻ ቆሟል፤
ሕጉ ነው፤ እንግዳም ይፈተሻል።
ሁለት መዳፌን ዘረጋሁለት። ጥቂት አሰበና
"ንጹሕ" አለኝ።
መሣሪያ ነው፤ ምን ያውቅና።