አራተኛው መስመር

ታርቱ ላይ ኅዳር ነው። ኤማዮጊ ወንዙ
መሐሉ ይፈስሳል፣ ረግቶ ቀርቷል ጠርዙ።
ኡርቬ ይሉኛል። ሃያ ስድስት ዓመት
ብልቃጥ አጥቤያለሁ፣ ቁጥር ጽፌበት፤
ጽሑፍ ሲታተም ስሜ ከግርጌ ነው፣
‘ምስጋና’ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው።

አንቺን ግን አውቃለሁ፣ ጥንቸል ቁጥር ሰባት፣
ባታይኝም ዓይንሽ፣ ባላይሽም አንድ ለት።
ፀጉርሽን ዳስሶት አያውቅም ይህ ጣቴ፤
የደምሽ ውሃ ነው የደረሰው ቤቴ፣
ቀዩ ተለይቶ፣ ቢጫው ተጠልሎ፣
ከጠብታ ባነሰ ብልቃጥ ተከፋፍሎ።
ፕሮፌሰር ኢልማር ያኔ፣ ጢሙ ገና ጥቁር ሳለ፣
‘ይህ ውሃ ተቀባዩን ያውቀዋል’ አለ፤
‘ሌላውን አያውቅም፤
ከሺህ ፕሮቲን መሐል እሱን ይዞ አይለቅም።’

ግን ምኑን አሳዩሽ? መልኩን? ቁመናውን?
የሕዋሱን ግድግዳ ሰባቴ በስቶ መውጣት መግባቱን?
አላሳዩሽም።
ከአራት መቶ ፊደል ዐሥራ አምስቱን ቆርጠው፣
በመርፌ ጫፍ አድርገው፣ ከቆዳሽ ሥር ሰጥተው፣
‘ይህ ነው’ አሉሽ፤ አመንሽ።
የስሙን ጅራት ይዘሽ ባለስሙን ጠበቅሽ።

ሌሎ ከቮሩ ናት፤ ተማሪ፣ ችኩል አይደለች፤
ነገር ስትጠይቅ ጥቁር ዳቦዋን እያኘከች።
‘ኡርቬ፣’ አለችኝ፣ ‘ይህን ያህል የታመነ እማኝ
ተቀባዩ በሌለበት አቁመሽው ታውቂያለሽ? ንገሪኝ።’
ዝም አልኩ። አቁሜው አላውቅም።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስቀለኛ ጥያቄ አልጠየቅንም።

ከሪጋ መጣልን፣ በደረቅ በረዶ ታሽጎ፣
የአይጥ አንጎል ቁራጭ፤ የተቀባዩ ጂን ከሥሩ ተፍቆ።
አራት መስመር ጫንን። ሦስቱ ያለባቸው፤
አራተኛው ባዶ፤ ዝም ማለት ያለበት እሱ ነው።
ጄሉ ሮጠ፤ ወደ ስሱ ወረቀት ተላለፈ፤
ከሱቅ በገዛሁት የዱቄት ወተት ውስጥ አንድ ሰዓት ተንሳፈፈ።
ከዚያ አንቺ ገባሽ። ብርዱ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን
ወዲያ ወዲህ እያልሽ ስታንኳኪ አደርሽ የሁሉን ደጅ፣ አንድ በአንዱን።
ሲነጋ የፍየል ጨመርኩ፤ ጥንቸል የነካችውን ለይቶ
የሚይዝ ሌላ ውሃ፣ ትከሻው ላይ ብርሃን አንግቶ።

ጨለማ ክፍል። ፊልሙ።
አንድ፣ በራ። ሁለት፣ በራ። ሦስት፣ በራ።
አራት፣
በራ።

ሌሎ እጇን ጠረጠረች፤ ደገመች፤ እኔም ደገምኩ።
ጠብታ ቆጠርኩ፣ ወተት ቀየርኩ፣ መነጽሬን አጠብኩ።
ሦስት ሳምንት። አራተኛው መስመር አልጠፋም፤
ባለቤቱ በሌለበት ቤት እንደተረሳ መብራት፣ አልጠፋም።

ኢልማር ጢሙ ነጭ ነው አሁን። ፊልሙን ከመስኮቱ
ላይ ለጠፈው። ዘጠኝ ጽሑፍ፣ ያንቺ ቃል ነው መሠረቱ።
አልጮኸም። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ ረሳው ባርኔጣውን፤
ቁልቁል አየሁት፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ሲያይ መሐል ወንዙን።

ሌሎ ‘ዋሸችን’ ስትል ተናደድኩ፤ ስለ አንቺ።
አልዋሸሽም እኮ አንቺ!
ዐሥራ አምስቱን ፊደል የሚመስል ነገር መጣ፤ ያዝሽው።
ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ አንቺ የጨበጥሽው
ሌላ ነው፣ ማን ነህ ብለን ያልጠየቅነው።

ሁለት ብልቃጥ ቀርቶኛል። ‘ጣያቸው’ ተባልኩ።
የድሮውን ስም በአልኮል ፋቅሁ፤ ‘ጥንቸል ሰባት’ አልኩ፣
ከሥሩም፦ ‘ማንን እንደምታውቅ ገና አልታወቀም’፤
ወደ ውርጩ መለስኳቸው። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ኢልማር ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጀምሯል፤
እስካሁን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ እሱንም ሰርዞታል።
ሌሎ ግን አዲስ ጄል ላይ፣ ያ ብርሃን የወጣበትን ቦታ ለክታ፣
በምላጭ ቆርጣ አነሣችው፤ በትንሽ ቱቦ ከታ
‘ማን እንደሆንክ እናያለን’ ትለዋለች፣
ጥቁር ዳቦዋን እያኘከች።