ከፊልሙ የወጣው

ስልሳ ሁለት ሰዓት ምስል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ
ከማጁሊ ደሴት መጣ፣ የጭቃ ሽታ አዝሎ።
«ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ይውጣው» አለች ኢንድራኒ ፉካን፣
ጫማዋን ደጄ ላይ ጥላ፣ ሳትነካ ሻዩን።
ኤዲተር ነኝ፤ ቆራጭ ማለት። ጓሃቲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ከቆርቆሮው ስር፣ ዝናቡ ከጆሮዬ ሳይርቅ።
ወንዙን በእግሬ አላውቀውም፤ በጣቴ ነው የማውቀው፣
ወደፊት፣ ወደኋላ፣
ሲሞላ፣ ሲጎድል፣ ሲሞላ።

ዶክተር ቦርጎሃይን ይታያሉ፤ ቀይና ነጭ ዘንግ ይዘው
ትናንት ሜዳ ከነበረው፣ ዛሬ ከቀረው ጠርዝ ቆመው፣
ብራህማፑትራ በሌሊት ስንት ክንድ እንደ በላ
ሲቆጥሩ ይሰማል፤ ከቁጥሩ ኋላ
ዷ! ይላል አንድ ነገር፤ የእህል ጆንያ የወደቀ ይመስላል።
ሞንቱ ማይኩን ያዞራል።
ጆንያ አይደለም። መሬት ነው።
ዶክተሩ ቁጥሩን ሰርዘው ሌላ ይጽፋሉ።

ጆኖኪ ፔጉ ቤቷን ስታፈርስ ይህ አምስተኛዋ ነው።
የሚሲንግ ቤት በእግሩ ይቆማል፣ ወለሉ ከሰው ደረት ከፍ ብሎ፣
ውሃ ሲመጣ ከስር እንዲያልፍ፣ ባለቤቱን ሳያስነሳ።
ይህ ውሃ ግን ከስር አያልፍም፤ ስሩን ነው የሚወስደው።
ገመዱን በጥርሷ ፈታች፣
ቀርከሃውን አቅፋ ወዘወዘች፣
እንደ ልጅ ጥርስ አላልታ ነቀለች።
ልክ ያን ጊዜ ጀልባ አለፈ፤ ሞተሩ ድምፁን በላው።
«ይቅርታ እናቴ፣ አንዴ እንደገና» አለች ኢንድራኒ።

ጆኖኪ ምሰሶውን ወደ ጉድጓዱ መለሰች።
ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል።
ነቀለች።
ብርሃኑ ሄደ ተባለ። መለሰች። ነቀለች።
በአራተኛው ላይ ቀና ብላ፣ ሌንሱን ዓይን ዓይኑን እያየች፣
ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ አለች፦
«ልጄ፣ አንቺ ስትይኝ እሺ አልኩ።
እስቲ ለሱም ንገሪው። እስቲ ወንዙን
‹አንዴ እንደገና› በይው፤ የበላውን ይትፋና
ደግሞ ይብላው፣ ቀስ ብሎ፣ በብርሃን።»

አስራ አንድ ሰከንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ።
ኢንድራኒ ትስቃለች። ሞንቱ አይስቅም፤
ማይኩ ወደ መሬት ሲያዘነብል በድምፁ ይታወቃል።

ገዢው ጣቢያ ደንብ አለው፦ ባለታሪክ ሌንስ አያይም።
እጅ አይገባም፣ ጥላ አይገባም፣ ጥያቄም።
ቆረጥኩት። ስፌቱ አይታይም፤
ጆኖኪ አንዴ ነቀለች፣ አንዴ ብቻ፤
ከላቧ ወደ ሐርጊላ፣ ያ በአንድ እግሩ የቆመ ራሰ በራ ወፍ፣
ከወፉ ወደ ሳተላይት ካርታ፣ ደሴቲቱ እንደ ሳሙና ስትሟሟ።
ጥሩ ሽግግር ነው። ተመስግኜበታለሁ።
የተቆረጠ ጨርቅ እንኳ ለእራፊ ይሆናል፤
የተቆረጠ ቃል የት ይጣፋል?

በጥቅምት፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ፊልሙን ይዘን ተሻገርን።
ትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት አንሶላ ሰፍተን ሰቀልን።
ሰው በጀልባ፣ በብስክሌት መጣ፤
ቦታ ያጡ ልጆች ከአንሶላው ጀርባ ተቀመጡ፣
ለነሱ ወንዙ ወደ ላይ ፈሰሰ።
ስለ ደለል ሲወራ አዛጉ። የሳተላይቷን ደሴት የማን እንደሆነች አላወቁም።
ምሰሶው ሲነቀል ግን ቲላክ ታይድ ከኋላ ጮኸ፦
«ያ! ያ የኔ ማንጎ!»
ከጆኖኪ ትከሻ ጀርባ፣ ከትኩረት ውጪ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ፣
ስድስት ወር ሙሉ ሳፈጥበት ያላየሁት።
ዛፉ የለም። የቆመበትም የለም።
«የአማቴ መቃብር!» አለች አንዷ። «መንገዳችን!»

ጆኖኪ ተነስታ ወደ ኮምፒውተሬ መጣች።
ስለ ቃሏ ትጠይቀኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።
እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ
«አንዴ እንደገና» አለች።

መለስኩ። ዛፉ ቆመ።
«አንዴ እንደገና።»

በሰባተኛው ላይ ጄኔሬተሩ ሳለ፤ አንሶላው ጨለመ።
ማንም አልተነሳም።
ሞንቱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ነዳጅ ሊለምን ሄደ።